ከ19 ዓመት የሕግ ሥራ በኋላ ወደ ክሪፕቶ ልግባ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሳላነብ አላልፍም። ሲመልሱልኝ «አንቺ» ይበሉኝ። ቢሮም ችሎትም «እርስዎ» ስባል ነው የምውለው።

46 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። አራት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ 15 ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። ቢሮዬ ውስጥ ሁለት ወጣት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ አብረውኝ አሉ። የምንይዘው የውል፣ የይዞታ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ነው። አልፎ አልፎ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የኩባንያ ጉዳይ ይመጣል። እግዚአብሔር ይመስገን አልቸገረኝም። ግን ደክሞኛል። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ ቀጠሮ።

ከአንድ ወር በፊት ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) በኮምፒውተር የሚያመርት የውጭ ኩባንያ ዋና የሕግ ኃላፊ እንድሆን ጠየቀኝ። ደመወዙ አሁን ከማገኘው አራት እጥፍ ነው። ግማሹ በብር፣ ግማሹ ዋጋው ከዶላር ጋር በተያያዘው ዲጂታል ገንዘብ በዩኤስዲቲ ይከፈላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የኩባንያውን ቶክን፣ ማለትም ራሱ የሚያወጣውን ዲጂታል ገንዘብ፣ ይሰጡኛል። በሳምንት ሦስት ቀን አዲስ አበባ መሆን አለብኝ። ወደፊት ሰው በስልኩ ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት መተግበሪያ ሊከፍቱ አስበዋል። «ሕጉን አንቺ ታስተካክይዋለሽ» ይሉኛል። ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ በንግድ ምዝገባው ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ እንድገባም ይፈልጋሉ። ከእኔ በፊት የነበረው ጠበቃ ስምንት ወር ሠርቶ ለቋል። ለምን እንደለቀቀ አልጠየቅኩም።

ማሽኖቹን ወስደው አሳይተውኛል። ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አጠገብ የተደረደሩ ኮንቴይነሮች ናቸው። የማራገቢያዎቹ ድምፅ አያነጋግርም፤ ማታ ቤቴ ገብቼም ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ግን ልዋሽዎ አልችልም፣ ደስ ብሎኛል። ከስንት ዘመን በኋላ አዲስ ነገር ለማንበብ ብዬ ሌሊት የተነሣሁት በዚያ ሳምንት ነው።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በ«ክሪፕቶ» ስም ገንዘባቸውን የተበሉ 11 ሰዎችን ወክዬ ነበር። አንዷ አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብስ እናት ናት። ስልኳን ስታሳየኝ መስታወቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። በአውራ ጣቷ ጠረገችና ቁጥሩን አሳየችኝ። «ይኸው አለ፤ ግን አይወጣም» አለችኝ። አልወጣም። የወሰዱትን ሰዎች ማግኘት አልቻልንም፣ መዝገቡም ተዘጋ። አሁን መንገድ ላይ ብታገኘኝ ምን እላታለሁ?

ባለቤቴ «አንቺ እንዳልሽ» ብሎ ዝም አለ። አባቴ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። «በዚህ ዕድሜሽ?» አሉኝ። እኔም የማስበው እሱን ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ። ግን አሁን ካልሆነ መቼ? ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። በወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ምን ይሉኛል?

የሐዋሳዋ ጠበቃ

መልስ

እህቴ፣ እንዳልሽው «አንቺ» ልበልሽ። በዕድሜም ሳልበልጥሽ አልቀርም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ ገንዘቡ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ዓሣ ጠባሿ እናት ላይ። በሦስተኛው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ፤ ለማንበብ ሌሊት ተነሣሁ ያልሽው። 19 ዓመት በአንድ ሙያ የቆየ ሰው ለሥራው ብሎ እንቅልፉን ከተወ፣ የጠራው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ አብዛኛው ጥንቃቄ ነው። እያነበብሽ ይህቺ ደስታ እንዳትከስምብሽ እለምንሻለሁ። ኩባንያውን እምቢ ብትዪ እንኳ እሷን እምቢ አትበያት።

ዕድሜሽን በአጭር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንሥተሻል። አባትሽ ያነሡት አንዴ ነው፤ የቀረውን የጨመርሽው ራስሽ ነሽ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ኩባንያ ጎበዝ የ26 ዓመት ጠበቃ አጥቶ ነው አንቺ ጋ የመጣው? በዚህ ኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂውን የሚያውቅ ወጣት ሞልቷል። የሚጠፋው ችሎት የሚያውቅ ሰው ነው። ኮይንቤዝ ስለሚባለው የአሜሪካ የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያ ሳታነቢ አትቀሪም። ዋና የሕግ ኃላፊው ፖል ግሬዋል ካሊፎርኒያ ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ነው። ከዚያ ፌስቡክ ሠራ፤ ወደ ኮይንቤዝ የገባው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኩባንያውን ከሰሰ። ክርክሩን የመራው ግሬዋል ነው፤ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ክሱ ተቋረጠ። ዳኛ ሆኖ ያሳለፈውን ዘመን ደጅ ጥሎ አልገባም። ይዞት ነው የገባው። አንቺም ከዐቃቤ ሕግነትሽ ጀምሮ የቆጠርሽው ዓመት እዚያ ቤት ዕዳ አይሆንብሽም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። «ከእኔ በፊት የነበረው ጠበቃ ስምንት ወር ሠርቶ ለቋል፤ ለምን እንደለቀቀ አልጠየቅኩም» ብለሻል። እህቴ፣ ምስክር ቆጣሪ ነሽ። ደንበኛሽ እንዲህ ብሎ ቢነግርሽ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ምን ይሆን ነበር? ለምን እንዳልጠየቅሽ የማውቅ ይመስለኛል፤ መልሱ ይህቺን ደስታ እንዳይወስድብሽ ፈርተሽ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ስምንት ወር አንድ ሰው የቤቱን ጠባይ አውቆ፣ ሦስት አራት ጊዜ «ይህ አይሆንም» ብሎ፣ ሰሚ እንዳጣ እርግጠኛ ለመሆን የሚበቃው ጊዜ ነው። ምናልባት የለቀቀው ልጁ ታሞበት ይሆናል። ምናልባት ካናዳ ሄዶ ይሆናል። አናውቅም። የምናውቀው ስትደውዪለት ብቻ ነው። የደንበኛውን ምስጢር እንደማይነግርሽ ታውቂያለሽ፤ አንቺም አትጠይቂውም። አንድ ነገር ብቻ በዪው፤ «አይሆንም ስትል ያቆሙ ነበር?» እሱን ለመመለስ ምስጢር ማውጣት አያስፈልገውም። ድምፁ ራሱ ይነግርሻል።

«ዋና የሕግ ኃላፊ» ይበሉሽ እንጂ ሥራው እኛ ነገረ ፈጅ የምንለው ነው። ነገረ ፈጅ ከጠበቃ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ጠበቃ ደንበኛው ካልሰማው መዝገቡን መልሶ ይወጣል። ነገረ ፈጅ ግን በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «ሕጉን አንቺ ታስተካክይዋለሽ» ያሉሽን ቃል ደጋግሜ አየሁት። ምን ማለታቸው ነው? ሕጉ የሚፈቅደውን ፈልገሽ ንገሪን ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሥራሽ ነው። እኛ እንሠራለን፣ አንቺ ቀለም ትቀቢልናለሽ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ሁለቱንም ይችላል። አንቺ ደግሞ ሁለት ትርጉም ያለው የውል አንቀጽ ሳይጣራ የምትፈርሚ ሰው አይደለሽም።

ኤፍቲኤክስ ላይ የሆነውን ላንሣልሽ፤ ከዓሣ ጠባሿ እናት ጋር ስለሚገናኝብኝ ነው። ይህ የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ደንበኞቹ ስልካቸውን ከፍተው ቁጥሩን ያዩ ነበር። ቁጥሩ አለ። ገንዘቡ ግን አይወጣም። እዚያ ነገረ ፈጅ የነበረው ካን ሰን የሚባል ጠበቃ በዓመቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። የደንበኞች ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጣል ብሎ ያምን ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ጉድለት ያለበት ሰንጠረዥ አየ። መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ ለጠፋው ገንዘብ ሕጋዊ ምክንያት እንዲፈልግለት ጠየቀው። ሰንም በወረቀት ላይ ሊባሉ የሚችሉ ነገሮችን ነገረው፤ አንዳቸውም ግን በእውነታው እንደማይደገፉ አብሮ ነገረው። ከዚያም ሥራውን ለቀቀ። መሥራቹ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. 25 ዓመት ተፈረደበት።

አሁን ይህን አስቢው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ያለ የተማረ ጠበቃ ነገሩ ካለቀ በኋላ ያወቀውን፣ አንቺ ከሦስት ዓመት በፊት የዓሣ ቅርፊት ከተለጠፈበት ስልክ ላይ አይተሽዋል። «ይኸው አለ፤ ግን አይወጣም።» በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የሕግ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። ቁጥሩ ሲታይ ገንዘቡ የት ነው? በማን ስም ተቀምጧል? የኩባንያው ገንዘብ ከደንበኛው ገንዘብ በምን ይለያል? ሰው «ስጡኝ» ሲል በስንት ሰዓት ይወጣል? ኩባንያው ቢከስር ያ ገንዘብ ለባለቤቱ ነው ወይስ ለአበዳሪዎች? አንቺ ይህችን እናት እንደ ሸክም ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ግን ለዚህ ሥራ ካለሽ ነገር ሁሉ ዋናው እሷ ናት እላለሁ። እሷን ረስቶ የሚገባ ጠበቃ አደገኛ ነው። እሷን ይዞ የሚገባ ጠበቃ ደግሞ ያስፈልጋል፤ የሚያዳምጠው ካገኘ።

መንገድ ላይ ብታገኘኝ ምን እላታለሁ ላልሽው፣ መንገድ ላይ እስክታገኝሽ አትጠብቂ እላለሁ። ሂጂና ንገሪያት። ፍቀጂልኝ ብለሽ አይደለም፤ የአንቺን ሥራ የምትፈቅደው እሷ አይደለችም። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ነው። ከመሄድሽ በፊት ግን የጠበቃ የቤት ሥራሽን ጨርሺ። የ11ዱን ሰዎች መዝገብ አውጥተሽ እይ። ይህ ኩባንያ፣ ባለቤቶቹ ወይም ሸሪኮቹ ከዚያ ማጭበርበር ጋር በሩቅም ቢሆን የሚነካካ ስም አላቸው? ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከሌለም የነዚያ ሰዎች ምስጢር አዲሱ ቢሮ ውስጥ እንደማይነካ ለራስሽ ቃል ግቢ።

ስለ ሕጉ ላስተምርሽ አልሞክርም። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር እንደ አንድ ሆኖ ስለተጻፈ ልለያየው። ማይኒንጉ፣ ማለትም ቢትኮይን ማምረቱ፣ ሌላ ነው፤ መተግበሪያው ሌላ ነው። ማይኒንጉ ቢያንስ መሬት የረገጠ ነው። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. ከከለከለች በኋላ አምራቾቹ ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ በዓለም ተበተኑ። ሕዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ይዘው እዚህ ይሠራሉ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም በነሐሴ 2014 በዘርፉ የተሰማሩትን ተመዝገቡ ብሏል። መተግበሪያው ግን ሰዎች ክሪፕቶ የሚገዙበትና የሚሸጡበት ነው። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 የአገሪቱ መገበያያ ብር እንደሆነና በእነዚህ ዲጂታል ገንዘቦች ለመገበያየት ፈቃድ እንዳልሰጠ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ማሽኖቹ ያሉበትን ኮንቴይነር አሳይተውሽ ስለ መተግበሪያው ልብሽን እንዳይወስዱት። የሚታየው ብረት ለማይታየው ሥራ ዋስትና አይሆንም። አንድ ጥያቄ አቅርቢላቸው፤ «ብሔራዊ ባንክ እስኪፈቅድ መተግበሪያው አይከፈትም ብዬ ብጽፍ ትፈርማላችሁ?»

ማይኒንጉም ቢሆን ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጠይቂ። በሚያዝያ 2016 ለአንድ ብሎክ (አምራቹ ለሚመዘግበው አንድ የግብይት ጥቅል) የሚሰጠው ቢትኮይን ከ6.25 ወደ 3.125 ወርዷል፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ኤሌክትሪክ ኃይል ለአዳዲስ አምራቾች ኃይል እንደማይሰጥ ተሰምቷል። የኃይል ውላቸው ስንት ዓመት ቀርቶታል? የ15 ዓመት ቢሮ ዘግተሽ የምትገቢበት ቤት የሁለት ዓመት ውል ያለው ከሆነ ማወቅ አለብሽ።

ሥራ አስኪያጅ ሆነሽ መመዝገቡን በተመለከተ ግን አልለሳለስም። አትቀበዪው። የሕግ ኃላፊ ሆኖ «ይህ አይሆንም» የሚለውና በመዝገብ ላይ ለሆነው ሁሉ ተጠያቂ የሚሆነው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ውሳኔው ውጭ አገር እየተሰጠ ስምሽ ብቻ እዚህ ከተቀመጠ፣ አንድ ቀን በር የሚንኳኳው ያንቺ ነው። ከናይጄሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ባይናንስ በሚባለው የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያ ከኃላፊዎቹ አንዱ የሆነው ቲግራን ጋምባሪያን ከባለሥልጣናት ጋር ሊነጋገር አቡጃ ሄደ። ሥራው የፋይናንስ ወንጀልን መከላከል ነበር። መንግሥት ከኩባንያው ጋር በነበረው ጠብ እሱ ተያዘ፤ ስምንት ወር ገደማ ታስሮ በጥቅምት ተፈታ። ኩባንያው ሩቅ ነበር። በእጅ የሚገኘው እሱ ነበር። አንቺ ደግሞ አገርሽ እዚህ ነው፣ ልጆችሽም እዚህ ናቸው። «ኢትዮጵያዊ ስለሆንሽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ደመወዙን በአጭሩ። ዩኤስዲቲውን ተዪው፤ ሙሉውን በብር፣ በባንክ፣ ግብሩ ተቆርጦ ይክፈሉሽ። ይህን የምልሽ ብር ስለማይወርድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሁላችንም ልብ ዶላር ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ ውጭ ለማስተማር የሚያስብ ወላጅ ደግሞ ይብስበታል። ግን ደንበኞችን «ሕጉ ይህን ይላል» የምትል ሴት የራሷ ደመወዝ ሕጉ ካልፈቀደው መንገድ ሲመጣ ድምፅዋ ይሰልላል። ቶክኑም እንደዚያው። የቶክኑ ዋጋ ከፍ እንዲል የምትመኝ ጠበቃ፣ ዋጋውን የሚያወርድ እውነት ሲመጣባት ምን ታደርጋለች? ጎበዝ ብትሆኚም፣ ሐቀኛ ብትሆኚም ጥያቄው አይቀርልሽም። በቶክኑ ፋንታ ስትለቂ የሚከፈል የስድስት ወር ደመወዝ በውሉ ይግባልሽ። ለመሄድ የማትፈራ ነገረ ፈጅ ናት «አይሆንም» ማለት የምትችለው።

እንግዲህ ምን ትላለች ብለሽ ከጠበቅሽ፣ ሐሳቤ ይኸው። በቀረበልሽ መልክ አትግቢ። ግን በሩን አትዝጊው። ቢሮሽን ሳትለቂ ለስድስት ወር የውጭ የሕግ አማካሪ ልሁናችሁ ብለሽ ጻፊላቸው። ሥራው በግልጽ ይከለል፤ የኃይል ውሉ፣ የሠራተኞቹ ጉዳይ፣ የመሬት ኪራዩ፣ ግብሩ፣ ከአዋጅ ቁጥር 780/2005 ጋር የሚያያዘው የገንዘብ ማጠብ መከላከል፣ የግል መረጃ ጥበቃው አዋጅ 1321/2016። መተግበሪያው ላይ የምትሰጪው አስተያየት በጽሑፍ ሆኖ በቀጥታ ለቦርዱ ይድረስ። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ አይደለም። በነዚህ ስድስት ወራት እነሱም አንቺን ያዩሻል፣ አንቺም ታያቸዋለሽ። ይህን ሐሳብ ሲሰሙ የሚመልሱት መልስ ራሱ ብዙ ይነግርሻል። «እሺ፣ እንነጋገር» ካሉ ጠበቃ ፈልገዋል። «አይ፣ አሁኑኑ ስምሽን እናስመዝግብ» ካሉ የፈለጉት ስም ነው።

ይህ መንገድ ለሁለቱ ወጣቶችሽም ይበጃል። ስለ እነሱ በደብዳቤሽ አንዲት መስመር ብቻ ነው ያለችው፤ ግን ቢሮው ቢዘጋ ጸሐፊሽን ጨምሮ ሦስት ሰው ነው የሚበተነው። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት መልክ መሥራት እንደተፈቀደላቸው ታውቂያለሽ። ምናልባት ከጥያቄዎቹ አንዱ «ልሂድ ወይስ ልቅር» ሳይሆን «ይህን ዘርፍ ቢሮዬ ውስጥ ላምጣው?» ሊሆን ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ክሪፕቶን ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ፋይናንስ ምርት ትቆጣጠራለች። ኬንያም በ2025 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታለች። እኛም አገር አንድ ቀን ዝርዝር መመሪያ መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ከአዲስ አበባ ውጭ ይህን የሚያውቅ የሕግ ቢሮ ስንት ይገኛል? ሌሊት ያነበብሽው ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚውል አይደለም። በነገራችን ላይ፣ መቀጠር ከመጣ የጥብቅና ፈቃድሽ ምን እንደሚሆን ቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ የፌዴራሉንም የክልሉንም። ለመመለስ ስትፈልጊ በሩ ተዘግቶ እንዳይጠብቅሽ።

ስለ ባለቤትሽ ትንሽ ልበል። «አንቺ እንዳልሽ» ብሎ ዝም ማለት አንዳንዴ መተማመን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የተናገርኩት ቢያስቀራትስ ብሎ መፍራት ነው። የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር፤ ግን ደብዳቤሽ የምታውቂ አይመስልም። በሳምንት ሦስት ቀን ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀሽ ስትሆኚ ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው። ልጅሽ ለፈተና በምትቀመጥበት ዓመት። «ምን ትላለህ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ መልሱን ሰምተሽዋል። «የሚያስፈራህ ምንድን ነው?» በዪው። እና ቤት ውስጥ፣ ልጆች እየሰሙ አይሁን።

ለአባትሽ ደግሞ ጊዜ ስጫቸው። የፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበረ ሰው በወረቀት ያምናል። ሥራ አስኪያጅ አልሆንም ብለሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ አሳያቸው። ያነቡታል፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ምናልባት አንድ ነጠላ ሰረዝ ያርሙልሻል።

ወሩ ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረሽ አላውቅም። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ፣ ቡና ሳይፈላ፣ ለቀድሞው ጠበቃ ደውዪ። ከሰዓት የ11ዱን ሰዎች መዝገብ ከመደርደሪያው አውርጂ። ለኩባንያው የሚጻፈውን ደብዳቤ ሁለቱ ወጣቶች ያንብቡት፤ ቀዳዳ ካለው ያገኙታል። ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ፣ ጀልባዎቹ ገና ዓሣ ሲያራግፉ፣ ባለቤትሽን ይዘሽ አሞራ ገደል ውረጂ። ያቺን እናት ሰላም በያት፣ የምትሠሪውን ንገሪያት። እሷ ዓሣውን እስክትጠብስላችሁ ድረስ የባለቤትሽን መልስ ትሰሚያለሽ።

ኩባንያው ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።